35ቱን ጊጋባይት ማንም አልሰረቀም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ለጋዜጣችሁ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ መልስ ስለሌለው አንድ እንቆቅልሻችሁ ነበር፤ አልወጣልኝም፤ ቂምም አልያዝኩም። ይህኛው ግን ቢወጣ ደስ ይለኛል፤ በዓምዳችሁ የተነሳ ጤነኛ ሃርድ ዲስኩን ተሸክሞ ከሻጭ ጋር ሊጣላ የሚሄድ ሰው እንዳለ ስለማልጠራጠር ነው።

ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ አዘጋጅ፣ የቤት ኮምፒውተሩ አርጅቶ ለሞላበት ሰው ምክር ሲሰጡ አራት ነገር ብለዋል። አንደኛ፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ሻጮች «500 ጊጋባይት» ብለው 465 ስለሚሸጡ ገዢው ደረሰኙን ይዞ ይመለስ። ሦስተኛ፣ አንድ ኪሎባይት 1042 ባይት ነው። አራተኛ፣ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርገው ለሌላ ይስጡት፤ ወደዚህኛው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ሦስተኛውን የፊደል ለቃሚ ስሕተት ነው ብዬ አልፌዋለሁ፤ 1024 ሊሉ ነው። ሁለተኛው ግን ስም ማጥፋት ነው። አንደኛውን ሳነብ ደግሞ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ከስም ማጥፋቱ ልጀምር። «ጊጋ» በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት አንድ ቢሊዮን ማለት ነው። ዲስክ ሠሪው 500 ጊጋባይት ሲል 500,000,000,000 ባይት ማለቱ ነው፤ ማሸጊያው ላይም በደቃቅ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው ግን በሺህ ሳይሆን በ1024 ነው። ለእርሱ አንድ ጊጋባይት 1024 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው 1,073,741,824 ባይት ነው። አምስት መቶ ቢሊዮኑን ለዚህ ሲያካፍሉት 465.66 ይመጣል። ኮምፒውተሩ ከነጥብ ወዲያ ያለውን ይጥልና 465 ብሎ ይጽፋል። አንድም ባይት አልጎደለም። ተማሪዎቼ ቢሆኑ «አንዱን ርዝመት በክንድና በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩ ተለያየ ብላችሁ ጨርቅ ሻጩን ትከሳላችሁ?» እላቸው ነበር።

መጠኑ ባደገ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ መሄዱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። በኪሎ ሲቆጠር 2.4 በመቶ ብቻ ነው፤ በጊጋ 7.4 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በቴራ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። የእኔ የድሮዋ 80 ጊጋባይት 74.5 ነበረች፤ ያን ጊዜ አምስት ተኩሏን ማንም አልጠየቀም። ዛሬ 1 ቴራባይት ገዝቶ 931 ጊጋባይት ሲያይ ሰው ይደነግጣል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ይህን ውዥንብር ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1998 በ1024 ለሚቆጠረው «ጊቢባይት» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ዊንዶውስ ግን ስሙን ሳይቀይር አሮጌውን ቆጠራ ይዞ ቀጠለ። የአፕል ኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ እንደ ዲስክ ሠሪዎቹ በሺህ ይቆጥራሉ። ያንኑ ዲስክ እዚያ ላይ ሰክቶ 500 ብሎ ሲነበብ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ግማሽ ሰዓቱ።

የእኔ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባት፣ ዲስኳ በዚያ ሰፊና ጠፍጣፋ ግራጫ ኬብል የሚገናኝ፣ አይዲኢ የሚሉት ዓይነት ነበረች። ውስጧ የነበረው ለሌላ ሰው ቆሻሻ ነው፦ የዓመታት የፈተና ጥያቄዎች፣ የልጄ የሠርግ ፊልም፣ እናቴ ተረት ስትናገር የቀዳሁት ድምፅ። ሞልታ ሞልታ ዲስኩን ማስተካከያ ፕሮግራሟ (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን አንድ ላይ የምትሰበስበው) «ቢያንስ 15 በመቶ ባዶ ቦታ ካልተገኘ በወጉ አልሠራም» አለችኝ፤ ያለኝ አራት በመቶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምሰርዝ ስመርጥ ቆይቼ የሰረዝኩት ሁለት ፎቶ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱም የጣቴ ፎቶዎች ናቸው። 250 ጊጋባይት ዲስክ ገዛሁ።

ልጄ «እማዬ፣ ምንም ነገር ከመፍታትሽ በፊት ሁሉንም ሌላ ቦታ ገልብጪ፤ አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም» ብላ ከባሏ የውጭ ዲስክ አመጣችልኝ። ትክክል ነበረች፤ ግን የኮምፒውተሬ ዩኤስቢ የመጀመሪያው ትውልድ ነበር። በወረቀት ላይ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው ይባላል (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)፤ በተግባር አንድ ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል። 70 ጊጋባይት በዚህ ፍጥነት ሰባ ሺህ ሰከንድ ይወስዳል። ያ 19 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የዓምዳችሁ ጸሐፊ ግማሽ ሰዓት ያሉት ብሎን መፍታቱን ብቻ ቆጥረው መሆን አለበት።

ማታ አስጀምሬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የጠበቀኝ አንድ ትንሽ መስኮት ነው፦ አንድ ፋይል ማንበብ አልተቻለም ይላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ አንድ ፋይል ባስቸገረው ቁጥር ያን አልፎ እንደመሄድ ሥራውን በሙሉ ይተወዋል። እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ ገና ከመጀመሩ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ እሺ እስክለው ሲጠብቀኝ አድሯል። ከዚያ ወዲህ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ነው የገለበጥኩት። ያስቸገረው ፋይል የአንድ ዓመት የመጨረሻ ፈተና ነበር፤ ተማሪዎቼ ቢሰሙ ዲስኩን ይመርቁት ነበር።

ቀልዱ ቢቀር ግን ያ ፋይል ምልክት ነበር። ዲስክ አንድ ቦታ ማንበብ ሲያቅተው፣ ድምፁም እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር፣ ሞልቷል ብቻ ሳይሆን እየሞተ ሊሆን ይችላል። ዲስኮች «ስማርት» በሚባል መዝገብ የራሳቸውን ሕመም ይጽፋሉ፤ ከመዝገቡ የሚያሳስበው የተተኩ ሴክተሮች፣ ማለትም ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች፣ ብዛት ነው። ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ በየቀኑ ከጨመረ፣ ማስተካከልም መፈተሽም ትቶ ቶሎ መገልበጥ ነው። በነጻ የሚገኝ «ዲዲ ሬስኪው» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣና አስቸጋሪውን ቦታ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሞክራል። ጥሩ ፈተና ተፈታኝ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ፈተናውን አላጣውም ነበር።

ሠርጉም ታሪክ አለው። የልጄ የሠርግ ፊልም አንድ ወጥ ፋይል ሆኖ 4.4 ቢሊዮን ባይት ይመዝናል። ወደ ውጭው ዲስክ ስልከው «በቂ ቦታ የለም» አለኝ። ከሁለት መቶ ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ተዘርግቶ እያየሁ! ዲስኩ ከፋብሪካው ሲወጣ የተዘጋጀው «ፋት 32» በሚባለው የፋይል አመዘጋገብ አሠራር ነው፤ በዚያ አሠራር የአንድ ፋይል መጠን የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው፤ ማለትም 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች። 2 ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሲባዛ 4,294,967,296 ነው፤ አንድ ፋይል እዚያ ቁጥር ላይ መድረስ አይችልም። ፊልሙ ያለፈው በትንሹ ነው። መልእክቱ ውሸት ነበር፤ ቦታስ ነበር፣ ያነሰው የቁጥሩ ሰሌዳ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሳያጠፋ ፋት 32ን ይህ ድንበር ወደሌለበት «ኤንቲኤፍኤስ» ወደሚባል አሠራር የሚለውጥ «ኮንቨርት» የሚባል ትእዛዝ አለ። በእርሱ ለወጥኩትና ሠርጉ ገባ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ያው የአንድ ነገር ታሪክ ነው፦ ቁጥር ሰሌዳው ሲያልቅበት።

ዲስኩን መግጠሙን በአጭሩ ልለፈው። ገመዱን ከግድግዳ ነቀልኩ፣ የሳጥኑን ብረት ነክቼ በእጄ ላይ ያለውን የስታቲክ ኤሌክትሪክ አራገፍኩ፣ ሰካሁ፣ በአራት ብሎን ፈንታ በሦስት አሰርኩ፤ አራተኛው ዛሬም የት እንደገባ አይታወቅም። አብርቼ ሳይ ኮምፒውተሯ አሮጌውንም አዲሱንም አላየችም። በአንድ አይዲኢ ኬብል ላይ ሁለት ዲስክ ሲቀመጥ አንዱ «ማስተር» ሌላው «ስሌቭ» ተብሎ በጀርባቸው ባለች የጥፍር ቁራጭ በምታክል፣ ጃምፐር በምትባል መሰኪያ ይለያል፤ ሁለቱም ማስተር ሆነው ነበር። ሁለት ርእሰ መምህር ባለበት ትምህርት ቤት አስተምሬ ስለማውቅ ችግሩ ወዲያው ገባኝ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በመጣው ሳታ በሚባለው ቀጭን ኬብል ለአንድ ኬብል አንድ ዲስክ ስለሆነ ይህ ጣጣ ቀርቷል።

ጃምፐሯን አንቀሳቅሼ ሁለቱም ታዩ። አዲሱ ግን 250 አይደለም፤ እንደ ጸሐፊያችሁ ሒሳብ እንኳ 232 መሆን ሲገባው 128 ይላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔም ለጥቂት ደቂቃ ሻጩን የረገምኩት። ደረሰኙን ከመሳቢያ አውጥቼ ጫማዬን ሁሉ አጥልቄ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን ቁጥሩ አላስወጣኝ አለ። 128። ይህ የሌባ ቁጥር አይደለም። ሌባ 130 ወይም 127 ይሰርቃል፤ 128 ላይ የሚያቆመው 2ን ሰባት ጊዜ ያባዛ ነገር ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ተመለስኩ።

ዲስክ በሴክተር ይከፋፈላል፤ አንዱ ሴክተር 512 ባይት፣ ማለትም 2 ዘጠኝ ጊዜ ተባዝቶ ነው። 128 ጊጋባይት በኮምፒውተሯ አቆጣጠር 2 ሠላሳ ሰባት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከሠላሳ ሰባቱ ዘጠኙን ስቀንስ ሃያ ስምንት ቀረኝ። ስለዚህ የሴክተሮቹ ቁጥር የሚጻፍበት ሰሌዳ 28 ቢት ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሴክተር የምትጠራበት ቁጥር የላትም። ኋላ ላይ ሳነብ እውነትም የቀድሞው የዲስክ ደንብ 28 ቢት እንደነበረ፣ ድንበሩም በቢሊዮን ሲቆጠር 137 ጊጋባይት በሚል እንደሚታወቅ አገኘሁ። በጡረታ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የዲስኩን ግማሽ ገደማ እያጣሁ እንኳ።

ድንበሩ በሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ባዮስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነቃው ፕሮግራም። ገብቼ ሳየው 250 ይላል፤ እርሱ ያውቃል። ሁለተኛው ራሱ ዊንዶውስ ነው፤ የእኔ ኤክስፒ የመጀመሪያው፣ ምንም ማሻሻያ ያልተጫነበት ነበር። ረጅሙን የ48 ቢት ቁጥር የተማረው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ሰርቪስ ፓክ 1» ነው። እርሱን ስጭን ቀሪው ቦታ ብቅ አለ። ባዮሱ ባያውቅ ኖሮ ከኮምፒውተሯ ዋና ቦርድ ሠሪ ማሻሻያ መፈለግ ወይም ተጨማሪ የመቆጣጠሪያ ካርድ መሰካት ነበረብኝ። እጅግ ላረጁ ቦርዶች ሲባል አንዳንድ ዲስኮች ላይ «32 ጊጋባይት ብቻ ነኝ» ብለው እንዲናገሩ የምታደርግ ጃምፐር ነበረች። እንግዲህ ጸሐፊያችሁ ውሸታም ዲስክ ከፈለጉ እርሱ ነው፤ የሚዋሸውም ለአሮጌ ኮምፒውተር አዝኖ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ድንበሩን የማያውቅ ሥርዓት ላይ፣ በሌላ ኮምፒውተር ከድንበሩ በላይ ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ዲስክ አትሰኩ። ቁጥሩ ሲያልቅበት እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ሊዞርና መጨረሻው ላይ የጻፋችሁትን የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሊደርበው ይችላል። መጀመሪያው ላይ ያለው ደግሞ የሌሎቹ ሁሉ ማውጫ ነው።

ይህ 28 ቢት የመጀመሪያው ድንበርም አልነበረም። ከዚያ በፊት 528 ሚሊዮን ባይት የሚባል ነበር፤ አመጣጡ ለክፍል ውስጥ ልምምድ የተመቸ ነው። ባዮሱ 1024 ሲሊንደር (ክብ የመረጃ መስመር)፣ 256 ራስ (አንባቢ ጫፍ) እና 63 ሴክተር መቁጠር ይችላል። የዲስኩ ደንብ ደግሞ 65,536 ሲሊንደር፣ 16 ራስና 255 ሴክተር ይፈቅዳል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሰፊ ነበሩ። ሲገናኙ ግን ከየረድፉ ትንሹ ይወሰዳል፦ 1024፣ 16፣ 63። እርስ በርስ አባዟቸውና ውጤቱን በ512 አባዙት፤ 528,482,304። ሁለት ለጋሶች ተጋብተው ቤቱ እንዴት እንደጠበበ አያችሁ?

ከዓመታት በኋላ የልጄ ባል 3 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ፣ ኤክስፒ በተጫነበት በራሱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰካና ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «እማማ፣ ተበላሁ። 746 ጊጋባይት ነው የሚለኝ።» እኔ ወረቀት አመጣሁ። የሴክተሩ ቁጥር 32 ቢት ነው ብለን፣ 2ን ሠላሳ ሁለት ጊዜ አባዝተን በ512 ስናባዛው ድንበሩ 2,199,023,255,552 ባይት ይሆናል። የዲስኩ ሙሉ መጠን ትንሽ ከ3 ትሪሊዮን ይበልጣል። ቆጣሪው ድንበሩን አልፎ ዞሯል፤ ከዞረ በኋላ የተረፈው ወደ 801.6 ቢሊዮን ባይት ነው፤ ለ1,073,741,824 ሲካፈል 746። ነጥቧ ሳትቀር ስትገጥም ፊቱ ላይ ያየሁትን ብትመለከቱ! አርባ ዓመት ሳስተምር አንድም ተማሪ እንደዚያ አላየኝም።

የእርሱ መፍትሔ ከእኔ ይከብድ ነበር። ከ2.2 ትሪሊዮን ባይት በላይ ላለ ዲስክ «ኤምቢአር» የተባለው አሮጌው የክፍፍል ሠንጠረዥ አይበቃም፤ «ጂፒቲ» የሚባለው ያስፈልጋል። የተለመደው ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ጂፒቲን አያነብም። ከቪስታ ጀምሮ ያሉት እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ዲስክ ይቀበሉታል፤ ዊንዶውስን ራሱን ከእርሱ ላይ ለማስነሳት ግን በባዮስ ፈንታ «ዩኢኤፍአይ» ያለው ቦርድ ይሻል። እርሱ ዲስኩን በ2 ቴራባይት አስለውጦ ተገላገለ፤ 2 ቴራባይት ከድንበሩ በታች ስለሆነች ምንም አላስቸገረችም። ሻጩም ያለ ጥል ለወጠለት፤ ማንም ሌባ ብሎ አልሰደበውምና።

የጸሐፊያችሁ ምክር ውስጥ ያልተነካ ሌላም ነገር አለ። ኮምፒውተሩ የሳታ ከሆነና ችግሩ መሙላት ሳይሆን መንቀርፈፍ ከሆነ፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ምንም አይፈይድለትም፤ ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ለዊንዶውሱ፣ አሮጌውን ዲስክ ለፎቶው ማድረግ ይሻላል። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ እኔ ራሴ ያደረግሁት ገና አምና ነው።

«አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርገው ይስጡት» ያሉትን ግን አልቀበልም። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ገጾቹ እዚያው አሉ። የእኔዋ 80 ጊጋባይት በካልሲ ተጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ላይዋ ላይ ቀኑንና «የእናቴ ተረት፣ ሠርግ፣ ፈተና (አንዱ የጎደለ)» ብዬ ጽፌበታለሁ። አዲሱን አምኜ ካልሲውን የማወልቅበት ቀን ገና አልመጣም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ረጅም መሆን የለበትም፤ 35ቱ ጊጋባይት እንዳልተሰረቀ፣ አንባቢም ዲስክ ከመግዛቱ በፊት የኮምፒውተሩን ድንበር እንዲጠይቅ ብትሉ ይበቃል። ስታትሙት ግን ፊደል ለቃሚያችሁን አደራ በሉልኝ፤ ማካፈያው 1,073,741,824 ነው። አሥር አኃዝ። ከ1 ይጀምራል፣ በ4 ያልቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት